ባሌ ለምን ስዋን ብቻ እንደሚያነሳ

ብርዱ ገብቶ ስዋኖቹ ከሰሜን ሲመጡ እኔ ባል የለኝም። ባሌ ቹ ገና ሳይነጋ ይነሳል፣ ሁለት ሱሪ ይደራርባል፣ የጆሮ ቆቡን ይደፋል፣ ያን ክንድ የሚያህል የካሜራ ሌንስ እንደ ሕፃን ታቅፎ ይወጣል። ከሰፈራችን በታች ባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ረግረግ የሠራበት ቦታ አለ። እነዚያ ነጫጭ፣ አንገተ ረጃጅም ወፎች የሚያርፉት እዚያ ነው። እኔ ዝይ እላቸዋለሁ፤ እሱን ለማናደድ።

«ሹዩን፣ ስዋን ነው! ስንቴ ልንገርሽ?»

«ዝይም ሆነ ስዋን፣ አንገት ከማስረዘም ሌላ ሥራ የለውም። ይልቅ ማንቱህን ሳይበርድ ብላ» እላለሁ፣ በእንፋሎት ያበሰልኩትን ዳቦ እየገፋሁለት።

ዳርቻው ላይ ጡረተኛው ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል። አንዱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ አንዱ ሹፌር ነበር፣ አንዱ ባንክ ቤት ነበር፤ አሁን ሁሉም ፎቶ አንሺ ሆነዋል። ጥሩ ቦታ ለመያዝ ከዋዜማው የካሜራ መቆሚያቸውን ተክለው የሚሄዱ አሉ፤ የሰው መቆሚያ ያነሳ ሰው እስከ ፀደይ ድረስ ሰላም የሚለው አያገኝም። ፀሐይዋ ከኮረብታው ብቅ ስትልና ከውሃው ላይ እንፋሎት ሲነሳ ግን ያ ሁሉ ለፍላፊ ጸጥ ይላል። እኔም ብሆን፣ አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል።

ስዋኖቹ ለማንም ዝም ብለው አይቀርቡም። የሚቀርቡት ለእኔ ነው። ውሃው በረዶ ሲሠራ የሚበሉት ስለሚያጡ፣ በቆሎ የመበተኑን ሥራ የሰፈሩ ሰው ለእኔ ሰጥቶኛል። ቀይ ካፖርቴን ለብሼ ዳር ላይ ቆሜ «ኧሄ! ኧሄ! ኑ!» ስል እየጮሁ ይመጣሉ፣ እግራቸውን ውሃው ላይ እያንሸራተቱ ያርፋሉ፣ ከኋላዬ ካሜራው ሁሉ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ጡረተኞቹ ያለ እኔ ምንም ናቸው፤ እነሱም ያውቁታል።

እንግዲህ በኛ ዘንድ ሰው ዕድሜው ሲገፋ፣ ሲሞት ቤቱ ውስጥ የሚሰቀልለትን ፎቶ ቀድሞ ይነሳል። ነውር የለውም፤ እንዲያውም ዕድሜ ያስረዝማል ይባላል። እኩዮቼ ሁሉ ተነስተው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። ዘንድሮ ሰባ ሞላኝና እኔንም አማረኝ። ያለኝ የመታወቂያዬ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ዶሮ ስሰርቅ የተያዝኩ ነው የምመስለው። የፎቶ አንሺ ሚስት ሆኜ ምን ቸገረኝ ብዬ፣ ቹ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

ስዋን ሲበር፣ ስዋን ሲተኛ፣ ስዋን ሲጣላ፣ ስዋን ሚስቱን ሲያሽኮረምም። ጉድ ፈላ! ዓመት ከዓመት ወፎቹ መሃል የምትቆመዋ ሴትዮስ የት ገባች? አንዱ ላይ ክርኔን አገኘሁት። ሌላው ላይ በቆሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የበተነው እጅ ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ፊቴ አንድም ቦታ የለም።

«ቹ! ተነስ! እኔ የት ነኝ?»

ዓይኑን እያሻሸ አየኝ። «ይኸው ፊቴ ተገትረሻል።»

«ፎቶው ውስጥ ነው የምልህ! ሰባ ሞልቶኛል፣ የሚሰቀልልኝ ፎቶ እፈልጋለሁ። ነገ ታነሳኛለህ።»

ፊቱ ልውጥ አለ። «እኔ ሰው ማንሳት አልችልበትም።»

«የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ያነሳ ማን ነበር ታዲያ?»

«እሱ ድሮ ነው። ከተማ ወርደሽ ስቱዲዮ ተነሺ። እዚያ ያሳምሩሻል።»

«ያሳምሩሻል? እሺ የኔ ጌታ። ዝይዎችህን ራስህ ጥራቸው!»

ሰው የተናደድኩ ብቻ መሰለው። ከፍቶኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን አብሬው የኖርኩት ሰው ወፍ ለማየት ብርድ ላይ ሲደርቅ ይውላል፣ እኔን ግን እንደ ቆሻሻ ከፎቶው ጠርዝ ይቆርጠኛል። ይህ የማያስከፋት ሚስት ካለች ትምጣና ትንገረኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤቴ ተቀመጥኩ። ወፎቹ ግን ምን አጠፉ? አሳዘኑኝና ካሜራ ከማይደርስበት፣ ከሸምበቆው ጀርባ፣ በቆሏቸውን በትኜ ተደብቄ እመለሳለሁ። ቹ ራሱ «ኧሄ! ኧሄ!» ብሎ ሊጠራቸው ሞክሮ ነበር አሉ። ስዋኖቹ አንዴ አይተውት ወደ መሃል ባሕር ቀዘፉ።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ጁ የደረቀ ዓሣ አንጠልጥሎ ለልመና መጣ። ጁ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ አሁን ፎቶ አንሺም ወሬኛም ነው።

«እትዬ ሹዩን፣ በናትሽ ታረቂን። ሰሞኑን ያነሳሁት ሁሉ ነጭ ነጥብ ነው። ልጄ አይታ ‹አባባ፣ ሌንስህን አቧራ በላው› አለችኝ።»

«ሂድና ጓደኛህን ጠይቅ። እኔ የለመንኩት አንድ ፎቶ ነው።»

«እሱ እኮ ብትገድይውም አያነሳሽም።»

«ለምን?»

ጁ ከንፈሩን ነከሰ። ምስጢር ግን ሆዱ ውስጥ አድሮለት አያውቅም።

«የመጀመሪያውን ካሜራ የገዛ ጊዜ የሽማግሌዎቹን ፎቶ አነሳ አይደል? አንደኛው ዓመቱን ሳይጨርሱ ሞቱ። ቀጥሎ ሌላኛው። ቀጥሎ የገዛ እናቱ። ከዚያ ወዲህ ሌንሱን ወደ ሰው አያዞርም። ‹ሹዩንን በዚህ ካሜራ ካየኋት አጣታለሁ› ብሎኛል፤ ጠጥተን ነው ያወጣው። ነገረኝ እንዳትዪ!»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ዘጠና ያለፋቸውን ሰዎች ካሜራ ገደላቸው ብሎ ይህን ሁሉ ዘመን ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ! ለካ ያ ሞኝ ከፎቶው እየቆረጠ ሲያወጣኝ ከሞት እየደበቀኝ ነው። ዓሣውን ተቀብዬ ጁን አባረርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቀይ ካፖርቴን ለብሼ ወረድኩ። «መጣች! መጣች!» ብለው ጡረተኞቹ ተንጫጩ። በቆሎዬን በተንኩ፣ ጠራሁ፣ ስዋኖቹም ግር ብለው መጡ። ያን ጊዜ ሄጄ የቹ ሌንስ ፊት ቆምኩ።

«ዞር በይ እንጂ ሹዩን! ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው!»

«አልዞርም። ጁ ነግሮኛል።»

ጁ ከመቆሚያው ጀርባ ቁጢጥ አለ። ቹ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ከእናቴ በኋላ አልችልም። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«እናትህ እኮ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነበር!»

«ቢሆንስ? እናቴ ነበረች።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጓንቱን እንደገና ሲያወልቅ አይቼ ተውኩት። «እንግዲያው አንተም ግባ» አልኩት። «ካሜራህ ሰው የሚወስድ ከሆነ ሁለታችንንም አንድ ላይ ይውሰደን። እኔ ሄጄ አንተ ብትቀር ማን ማንቱ ያበስልልሃል?»

 ቹ መቆሚያውን ወደ ኋላ ሳበ፣ ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጀው፣ ቁልፉን ተጭኖ ወደ እኔ ሮጠ። በሁለት ሱሪ፣ በዚያ በረዶ በሠራ ጭቃ ላይ! ልይዘው እጄን ስዘረጋ አዳለጠውና እግሮቹ ወደ ሰማይ ተነሱ። ስዋኖቹ ደንግጠው በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ሁላችንም ፎቶው በሚታይባት የካሜራው ትንሽ መስታወት ላይ ተደፋን። ዙሪያው ሁሉ ክንፍ ነው። ቹ በቂጡ ተቀምጦ የካፖርቴን ጫፍ ይዟል። እኔ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል፣ የወለቀው ጥርሴ ቦታ ይታያል፣ ዓይኔ ከሳቅ ብዛት ጠፍቷል።

«ይሄማ ለግድግዳ አይሆንም» አለ ጁ። «ደንቡ አፍ ገጥሞ ፊት ለፊት ማየት ነው።»

ቹ ጭቃውን ሳያራግፍ ካሜራውን ከመቆሚያው ነቀለ። ወደ እኔ አዞረው። 

«ልድገመው?» አለኝ።

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም ታነሳኛለህ። ይሄን ግን አሳጥበው። ስሞት የምትሰቅሉልኝ እሱን ነው፤ ከፊቱ ቆሞ ማልቀስ የሚችል ካለ ያልቅስ።»