ከሞቱ ስልኮች የሠራሁት ግድግዳ

ግድግዳው ሲተነፍስ መጀመሪያ የሰማችው ጓደኛዬ ትርሲት ናት። እኔማ እያወራሁ ነበር፤ ሳወራ ደግሞ ቤቱ ቢፈርስም አልሰማም፣ እናቴ እንደዛ ነው የምትለኝ።

«ዝም በይ እስቲ፣ ከዊ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«እባብ ያለ መሰለኝ። ጥስስስ የሚል ነገር።»

«ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት ቢስ እባብ ምን ሊሠራ ይመጣል? በዚህ ሙቀት ተቀቅሎ ይሞታል እኮ!» ብዬ ሳቅኩባት።

ቆይ ግን፣ ግድግዳውን ሳልነግራችሁ። እናቴ ማይሙና የሐረር ልጅ ናት። ሐረር ቤት ውስጥ ግድግዳ ባዶውን አይተውም፤ ሙዳዩ፣ ስፌቱ፣ ሳህኑ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ይሰቀልበታል። የኛ ቤት ግን ጣውላና ቆርቆሮ ነው፣ ሳሎኑም መኝታውም ያው አንድ ክፍል። እናቴ ግድግዳውን ባየች ቁጥር «ልብሱን የተሰረቀ ሰው ይመስላል» ትላለች። አባቴ ሙጠሊብ ደግሞ ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ የማይድን ስልክ ሱቁ ውስጥ በጆንያ ነው ያለው። እኔ ባኬን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ፈተና፣ ካለፍኩ ወዲህ ሥራ የለኝም፣ የእህቴን የሐምዲያን ልጅ ኢማድን ከመያዝ በቀር። ስለዚህ አንድ ትልቅ ኮምፔንሳቶ ላይ የሐረር ግድግዳ ሠራሁላት። በስፌት ፋንታ የሞቱ ስልኮች፣ መሀል ላይ እንደ ፀሐይ ክብ ተደርድረው። ዙሪያውን አረንጓዴ ማዘርቦርድ። በሙዳይ ቦታ የተቃጠለ ስፒከር። ጠርዙ ደግሞ የኪቦርድ ቁልፍ። ሁሉንም በሲሊኮን አጣበቅኩና ከመደቡ በላይ፣ ኢማድ ከሚተኛበት ፍራሽ ራስጌ ሰቀልነው። ወላሂ ያምራል! የሰፈሩ ሴት ሁሉ ፎቶ ተነስቶበታል። የኢማድን አጎበርም በዛው በቦርዱ ምስማሮች አሰርኩት፣ ቀን ቀን ዝንብ እንዳያስቸግረው።

ዓርብ ነበር። ትርሲት ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዛው ነው የምታድረው፤ ዓርብ ከሰዓት ሲለቋት እኛ ጋ ትመጣለች። እናቴ ካርቲየ አራት ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች፣ አባቴ ከተማው ዳር፣ ፔካ አስራ ሁለት፣ ከድሬዳዋ የመጣ ዕቃ ሊቀበል ሄዷል። ኩራን ጠፍቷል፤ እዚህ ወደብ ከተማው ውስጥ መብራትን በፈረንሳይኛ ኩራን ነው የምንለው። ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ቆርቆሮው በእጅ አይነካም፣ ሰፈሩ ሁሉ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። ኢማድም አጎበሩ ውስጥ በዳይፐር ብቻ ተዘርግቷል።

ጥስስስ።

አሁን እኔም ሰማሁ። ቀና ስል ከፀሐይዋ መሀል ያለው ስልክ ስክሪኑ ከአካሉ ተነስቷል። ልክ አፉን የከፈተ ዓሣ።

«ይሄ ነገር አብጧል» አለች ትርሲት።

«ባትሪ የለውም እኮ። አባባ ሁሉንም አውጥቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ በምን አበጠ፣ በቅናት?»

ሳቄ አልመጣም። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ የግድግዳው ስልኮች ውስጥ ባትሪ አስገብተሻል እንዴ?»

«ሰላምታ የለም?»

«እማ በአላህ!»

«አስገባሁ፣ ምን አጠፋሁ? ባዶ ዕቃ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? እናቴ ሙዳይ ስትሰቅል ጥቂት እህል ጣል ሳታደርግበት አትሰቅልም። ባዶ የሰቀለ ቤት ባዶውን ይቀራል ትል ነበር። አንቺ ሲሊኮን ልትገዢ ስትወጪ ነው የሞላኋቸው።»

«ከየት አምጥተሽ?»

«ከጓሮው ጣሳ ነዋ፣ አባትሽ አሸዋ ውስጥ ከቀበራቸው። ቀጫጭኖቹን ትቼ ሞላ ሞላ ያሉትን መረጥኩልሽ።»

ሞላ ሞላ ያሉትን! አባቴ እኮ አሸዋ ውስጥ የሚቀብረው ያበጡትን ነው።

«ስንቱ ውስጥ ነው ያስገባሽው?» አልኳት።

«ሁሉም ውስጥ። አንዱን አጥግቤ አንዱን ላስርብ?»

ስልኩን ጣልኩት። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ አይወድቅም፤ አባቴ እንደ ቁርዓን ነው ያስቀራኝ። አንዱ ከተያያዘ ደግሞ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሥሩ የጥጥ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ኢማድ።

ዘልዬ መደቡ ላይ ወጣሁና አጎበሩን ሳብኩት። እንዴት ረሳሁት! ገመዱ ምስማሩ ላይ ነው። ጣውላው ቋ አለ፤ የቀኙ ምስማር ተነቅሎ ወጣና ቦርዱ በሙሉ ወደኛ ዘመመ። በሁለት እጄም በደረቴም ደገፍኩት። ጉንጬ መሀለኛው ስልክ ላይ ተለጠፈ። ይፈላል። ጥስታው ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ሽታው ደግሞ ጣፋጭ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት፣ ጉሮሮዬን ዘጋው።

«ትርሲት፣ ልጁን!»

ትርሲት ግን በሩ ጋ ቆማለች። ፊቷ አመድ። አንድ እግሯ ውጪ ነው።

«ከዊ፣ እኔ... እሳት አልችልም።»

«እሳት የለም ገና! አጎበሩን እንዳትስቢው፣ ከታች ገብተሽ አውጪው። ትርሲቴ፣ የኔ እናት፣ እባክሽ!»

እሷ እንደቆመች ኢማድ ነቃ። ከሥሬ አየኝና ሳቀልኝ፣ እየተጫወትኩ መስሎት። እጁን ዘርግቶ የአጎበሩን መረብ ያዘ። ሊስበው ነው። ቢስበው የግራው ምስማርም ይመጣል፣ እኔም አልችለውም።

«ኢማዶ፣ አይ፣ ተው የኔ ጌታ፣ ተው» እላለሁ በለሆሳስ፣ እንዳይደነግጥ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ዘፈን መሰለ። እሱ ይባስ ሳቀ። ሳበው።

ቦርዱ አንድ ጣት ያህል ወረደ። ትከሻዬ ሲንቋቋ ሰማሁት።

ያኔ ነው ትርሲት በሆዷ እየተሳበች የገባችው። ዓይኗን ጨፍናለች፣ «ማርያም ማርያም» ትላለች። መረቡን ከፍራሹ ሥር አወጣች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቀቀችው፣ በእግሩ ጎትታ ታቀፈችውና ሮጣ ወጣች። ውጪ ጎረቤታችን ሶማሌዋ ሴትዮ ስትጮህ ሰማሁ።

ከዚያ እኔና ቦርዱ ቀረን።

ብለቀው ፍራሹ ላይ ይወድቃል። ፍራሹ ከጣውላው፣ ጣውላው ከጎረቤት ጣውላ። የኛ ሰፈር እሳት አንድ ቤት በልቶ አይጠግብም፤ ከሶማሌዋ ሴትዮ በቀር ሁሉም ደግሞ ተኝቷል። መያዙንም አልቻልኩም። ሁለተኛ ስልክ፣ ሆዴ አካባቢ ያለው፣ ጢስ ጢስ ማለት ጀመረ። አትመለስም ብዬ አሰብኩ። እኔ ብሆን አልመለስም ነበር። እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን ማለት ጀመርኩ፣ መሀሉ ጠፋብኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

«በየት በኩል ልያዝ?»

ትርሲት ናት! አፏን በሻሽዋ አስራለች፣ እያለቀሰች ነው።

«በግራ። ቀስ። እንደ ሕፃን ነው፣ ከተናወጠ ያለቅሳል።»

«ቀልድሽ ይድፋሽ!»

የግራውን ምስማር ወዘወዘችው፣ ወጣ። ክብደቱ ሲመጣብን ሁለታችንም አቃሰትን። ከመደቡ ወረድን። በሩን በሰያፍ ወጣን። መንገዷ ሁለት ሰው አታሳልፍም፤ እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ የሰው ልብስ የተሰጣበት ገመድ ጀርባዬን ይመታኛል፣ ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ትርሲት «ቀኝ፣ ቀኝ፣ ድንጋይ አለ» ትለኛለች። ሜዳው ጋ ስንደርስ ቀስ አድርገን ልናስቀምጠው ነበር ሐሳባችን። መሀለኛው ፏ አለ። ነበልባሉ ነጭ ነው፣ እንደ ችቦ የሚተኩስ። እንዴት እንደለቀቅነው አላውቅም፤ ሁለታችንም አፈሩ ላይ ተገኘን፣ ቅንድቤ ይሸታል፣ የሷ እጅጌ ተበስቷል። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጠራ፣ ጧ፣ ጧ፣ ፀሐይዋ በሙሉ ነደደች። የኪቦርዱ ቁልፎች ቀልጠው እንደ ማር ተንጠባጠቡ።

የሰፈሩ ሰው ወጣ። እናቴ ካርቲየ አራትን አቋርጣ በአንድ ጫማ እየሮጠች መጣች። ማንንም አልጠየቀችም። ሶማሌዋ ሴትዮ እጅ ላይ የነበረውን ኢማድን ነጠቀችው፣ ጭንቅላቱን አሸተተች፣ ጀርባውን ዳበሰች፣ የእግሩን ጣቶች ሳይቀር አገላብጣ አየች። ከዚያ እሳቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ኢማድን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

እቅፏ ውስጥ ሆኖ ኢማድ ብቻ አንድ ስልክ ጧ ባለ ቁጥር ያጨበጭባል። እኔም ልስቅለት ፈልጌ ነበር፤ በዛ ሁሉ ሙቀት ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እምቢ አለኝ።