የታችኛው ገመድ

ረሆቦት በቅየሳ መሣሪያው መነጽር ለሦስተኛ ጊዜ አየች። ቁጥሩ አልተለወጠም። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሜዳው አንደኛው ሰያፍ መቶ አሥራ ስምንት ሜትር ከሰባ ሦስት፣ ሌላኛው መቶ አሥራ ስድስት ሜትር ከስድሳ ሁለት። እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለት ቁጥሮች ከሁለት ሜትር በላይ ተለያይተዋል።

በታችኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ የመለኪያውን ዘንግ ይዞ የቆመውን ወንድሟን በእጇ ጠራችው። አሌክስ ዘንጉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እየሮጠ መጣ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የምሥራቅ ንጋት እግር ኳስ ክለብ አሠልጣኝም፣ ጸሐፊም፣ ማሊያ አጣቢም እሱ ነው።

"ሜዳው ጠማማ ነው" አለችው።

"ምን ያህል?"

"አንተ የቆምክበት ማዕዘን አራት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። በዓይን አይታወቅም። ሜትር ከተዘረጋ ግን ያልቅልናል።"

አሌክስ ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ነበር። የውድድሩ ሜዳ ገምጋሚ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ምዝገባው የሚዘጋውም ዛሬ ነው። ሜዳው ካለፈ ምሥራቅ ንጋት ከስድስት ዓመት በኋላ በራሱ ሜዳ ይጫወታል። ካላለፈ ከውድድሩ ይወጣል። በሰው ሜዳ፣ ሰው በማይፈልገው ሰዓት ሲጫወቱ በቆዩባቸው ስድስት ዓመታት ከሃያ ስድስት ተጫዋች አሥራ አምስት ቀርተዋል። አንድ ዓመት ያለ ጨዋታ ከተቀመጡ እነሱም እንደሚበተኑ አሌክስ ባለፈው ሳምንት በስልክ ሲለምናት ነግሯታል። ረሆቦት ቀያሽ ናት። ከምትሠራበት ድርጅት መሣሪያውን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስፈቅዳ፣ ቦሌ አራብሳ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው የመጣችው ለወንድሟ ብላ እንጂ ለኳስ ብላ አልነበረም።

"ለጋሽ ሰይድ ማን ይንገራቸው?" አለ አሌክስ።

"ያሰመሩት እሳቸው አይደሉም? እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ቀስ ብለሽ፣ ረሆ። ሦስት ቀን ነው የለፉበት።"

"ቀስ የምንልበት ጊዜ የለንም።"

ጋሽ ሰይድ መሃል ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ሥሩ በሚስማር በተበሳ የወተት ጣሳ ኖራ እየነሰነሱ ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከወሎ ሲመጡ ግንበኛ ነበሩ፤ ኋላ ሳሊተ ምሕረት አጠገብ የነበረ የብሎኬት ማምረቻ ኃላፊ ሆኑ። ከማምረቻው ጎን የነበረውን ባዶ ቦታ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉድጓዱን በገረገንቲ ሞልተው ሜዳ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ብሎኬት ሜዳ ይለው ነበር። ዛሬ በቦታው አሥር ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ጎሉ በነበረበት በኩል መኪኖች ወደ ምድር ቤት ይገባሉ።

ረሆቦት ያገኘችውን ነገረቻቸው። ቀና አላሉም።

"መሣሪያሽን ፀሐይ መትቶት ይሆናል።"

"ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ለክቻለሁ።"

መስመራቸውን ጨርሰው ቀና አሉና ወደ ጆንያቸው ወሰዷት። ከውስጡ በጥንቃቄ የተጠቀለሉ ሁለት ገመዶች አወጡ። የአንዱ ጫፍ በሰማያዊ ጨርቅ፣ የሌላው በቀይ ታስሯል። ሰማያዊው ለላይኛው የጎል መስመር፣ ቀዩ ለታችኛው ነው። ብሎኬት ሜዳ በቆርቆሮ የታጠረ ዕለት ሌላው ሰው የጎሉን ብረት ለማውጣት ሲሻማ፣ ጋሽ ሰይድ እነዚህን ገመዶች ብቻ ይዘው ወጥተዋል። ስድስት ዓመት አልጋቸው ሥር ነበሩ። እዚህ ቦታ ሲፈቀድላቸው የመጀመሪያ ሥራቸው ገመዶቹን ፀሐይ ማስመታት ነበር።

ረሆቦት ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ ዘረጋቻቸው። ባለ ቀዩ ቀድሞ አለቀ።

"ይሄኛው አጭር ነው።"

"አጭር ነዋ። የታችኛው ገመድ መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል?"

"ለምን?"

ጋሽ ሰይድ የብሎኬት ሜዳ ሰፈር ልጅ ሆና ይህን መጠየቋ ገረማቸው። "የማምረቻው ግንብ ወደ ሜዳው ገባ ብሎ ስለመጣ ነዋ። ግንቡን አፍርሼ ላስምር?"

"ጋሽ ሰይድ፣ እዚህ ግንብ የለም።"

ዞር ብለው ወደ ታችኛው ማዕዘን አዩ። ከመስመሩ ወዲያ ሣር ብቻ ነበር፤ ከሣሩ ማዶ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ያሰጡት ልብስ። ከጣሳው ኖራው በሚስማር ቀዳዳዎቹ እየፈሰሰ ጫማቸው አጠገብ ትንሽ ክምር ሠራ።

"ግንቡንም ይዤው መጥቻለሁ በይኛ" አሉ በመጨረሻ።

ጣሳውን አስቀምጠው የኖራው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አሌክስ ምናልባት ገምጋሚው ላያስተውለው ይችላል ብሎ ሊያጽናናቸው ሞከረ። እሳቸው ግን የሚያውቅ ሰው መጥቷልና መሣሪያ ያለው ያስምር አሉ። በቁጣ አልነበረም። ረሆቦት ወደ መሣሪያዋ ተመለሰች።

የሚስተካከለውን ለማወቅ የቀረውን ሁሉ መለካት ነበረባት። አንዱ ማዕዘን እንዲህ ከሳተ የቀሩትም ሳይስቱ አይቀሩም ብላ ለሙሉ ቀን ሥራ ራሷን አዘጋጅታ ነበር። የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ትክክለኛ ቦታው ላይ ተገኘ፤ ከእሱ የሚወርደው መስመር ብቻ ነው ወደ ገባው ማዕዘን ያጋደለው። የላይኛው ግራ ልክ ዘጠና ዲግሪ ነው። የታችኛው ግራ እስከ መቶ ሜትር ርቀት ድረስ የሳተው በሁለት ሳንቲም ነው። የግራውን የጎን መስመር ቀጥተኛነት በየአሥር ሜትሩ አየችው። በአሥሩም ቦታ ኖራው የሚገባው ቦታ ላይ ነበር። ድርጅቷ ውስጥ ይህን ያህል ሥራ በመሣሪያ ሠርተው የማያስረክቡ ሰዎች ታውቃለች።

ተመልሳ ሄዳ ማዕዘኖቹን በምን እንዳወጧቸው ጠየቀቻቸው።

"በስድሳ፣ በሰማንያ፣ በመቶ" አሉ። "ግንበኛ አይደለሁም እንዴ? አሥር እጥፍ አድርገሽ በአንድ በኩል ስድስት ሜትር፣ በሌላው ስምንት ትለኪያለሽ፤ ጫፍና ጫፉ አሥር ከመጣ ቤቱ አይጣመምም።"

"የጎኑን መስመርስ?"

"በሲባጎና በዓይን። ጠዋት በጊዜ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሲባጎው ይላላል።"

ረሆቦት ላፕቶፗን የኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ከፈተች። ከሰባት ዓመት በፊት የተነሣ የሳተላይት ፎቶ ፈልጋ ብሎኬት ሜዳን አገኘችው፤ ቡናማ መሬት፣ በላዩ ነጭ መስመሮች። ዛሬ የለካችውን በፎቶው ላይ ደረበችው። አንዱ በሌላው ላይ ገጠመ። ፎቶው በሚፈቅደው ጥራት ልዩነት አጣችበት። የፈረሰ፣ የተቆፈረ፣ አሥር ፎቅ የተጫነበት ሜዳ፣ ምንም ፕላን ሳይኖረው በአንድ ሽማግሌ ገመድ ከነጉድለቱ አሥር ኪሎ ሜትር ተሻግሮ አራብሳ ላይ ተቀምጧል።

አሌክስ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ። ጣቱን ታችኛው ማዕዘን ላይ አደረገ።

"አጭሩ ኮርና" አለ።

ያን ማዕዘን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነበር። ጎሉ ከትክክለኛው ጎን ተለክቶ ስለቆመ፣ ከሌሎቹ ማዕዘኖች እስከ ጎሉ መሃል ሠላሳ ሁለት ሜትር ሲሆን ከዚያኛው ሃያ ስምንት ነበር። እንግዳ ቡድን ከዚያ ሲመታ ኳሱ ሁሉን ሰው አልፎ ይሄዳል። የሰፈሩ ልጅ እግር ግን አራቱን ሜትር ያውቃቸው ነበር። አሌክስ ራሱ ከዚያ በቀጥታ አንድ ያገባ መሆኑን ረሆቦት በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ትሰማለች።

እሷ የምታስታውሰው መቀመጫውን ነው። ማምረቻው የሚያደርቀውን ብሎኬት ጋሽ ሰይድ በሜዳው ዳር እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ አድርገው ይደረድሩት ነበር፤ ከኋላ ያለው ሰው እንዲያይ። ብሎኬት ሳምንት ሙሉ ውኃ መጠጣት አለበት። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ጨዋታ ኖረ አልኖረ ያጠጡታል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ይቀመጥበታል። የምሥራቅ ንጋት ደጋፊ ከኋላው ይታወቅ ነበር። ሌሎች ክለቦች "እርጥቦቹ" ይሏቸዋል። የእሷና የአሌክስ እናት ከሾላ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ በዚያ ስታልፍ ረሆቦትን በእርጥብ ቀሚሷ እየጎተተች ወደ ቤት የወሰደቻት ቀን ብዙ ነው። አንድ ሰው ግን፣ ስንት ሰው ተቀምጦበት፣ የተሰነጠቀ ብሎኬት ገዛሁ ብሎ ሲያማርር አልተሰማም። ያኔ ይህን ልብ አላለችውም። ሜዳው የታጠረ ዕለትም ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ ፈተና ላይ።

ላፕቶፑን ዘጋችው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ትክክለኛው ማዕዘን የሚወድቅበት ቦታ ላይ ችካል መታች፤ ከዚያ ተነሥታ በየአሥር ሜትሩ እስከ ላይ ድረስ። በችካሎቹ መሃል ሲባጎ ተወጠረ። አሌክስ ጣሳውን አንሥቶ ጀመረ። ስድስት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ረሆቦት አስቆመችውና ሽማግሌው ወደተቀመጡበት ጆንያ ሄደች።

"ችካሉን ተክያለሁ፣ ጋሽ ሰይድ። ኖራ የሚያፈስ ሰው የለኝም።"

"ወንድምሽስ?"

"ይዩት።"

ጋሽ ሰይድ ተነሥተው የአሌክስን ስድስት ሜትር ከዳር እስከ ዳር አዩት። "ይሄ መስመር አይደለም፤ የባጃጅ መንገድ ነው" አሉ። አሌክስ ሳቀ፤ ጣሳውን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ጋሽ ሰይድ ወደ ሲባጎው ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እያንቀሳቀሱ፣ ወደ ኋላ ይሄዱ ጀመር። አንድም ጊዜ አልቆሙም። ረሆቦት ፊት ፊት ችካል እያረጋገጠች ስትሄድ ሁለት ጊዜ ይፍጠኑ ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። የሚያዘገይ ነገር አልነበረም፤ እሷ ከምታረጋግጠው ይልቅ እሳቸው የሚያፈሱት ይቀድም ነበር። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አዲሱ የጎን መስመር አለቀ። የጎሉ መስመር አራት ሜትር ተቀጠለ። ሰያፎቹ ተለኩ፤ እኩል ሆኑ።

ገምጋሚው ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጡ። አቶ ዘርአጽዮን ይባላሉ፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ደረታቸው ሰፊ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው ወዲያው ሜትራቸውን ዘረጉ። ርዝመቱን ለኩ፤ ስፋቱን ከላይም ከታችም ለኩ፤ ጻፉ። ታችኛው ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከአዲሱ መስመር ወደ ውስጥ ሌላ ነጭ መስመር እየጠበበ ወደ ላይ ይሄዳል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

አሌክስ የልምምድ መስመር ነው ብሎ ጀምሮ ነበር። ጋሽ ሰይድ አቋረጡት።

"የብሎኬት ሜዳ ነው። ሳላውቅ አስምሬው ነው።"

አቶ ዘርአጽዮን ወደ መስመሩ፣ ከዚያ ወደ ጎሉ፣ እንደገና ወደ መስመሩ አዩ። ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና በአሮጌው ማዕዘን ላይ ቆሙ።

"ከዚህ ነው የገደላችሁን" አሉ። "በክረምት ውድድር ግራ ተከላካይ ነበርኩ። እዚያ ሜዳ ስድስት ጊዜ ገብቻለሁ፤ አንድ ጊዜ አሸንፌ አልወጣሁም። ዝናብ ጥሎ ሌላው ሜዳ ሁሉ ጭቃ ሲሆን የእናንተ ብቻ ውኃ አይቋጥርም ነበር። ማን ነበር የሚሠራው?"

"እኚህ ናቸው" አለች ረሆቦት።

አቶ ዘርአጽዮን ኮፍያቸውን አውልቀው የጋሽ ሰይድን እጅ ጨበጡ። ወዲያው ግን ደብተራቸውን መልሰው ከፈቱ። ልኩ ትክክል ነው፤ ሁለት መስመር ያለበትን ሜዳ ግን ማጽደቅ አይችሉም። አሮጌው ሲጠፋ አይተው ይፈርማሉ። አሥር ሰዓት ላይ ሰሚት ሌላ ሜዳ ስለሚጠብቃቸው ቶሎ ይደረግ አሉ።

አሌክስ ተጫዋቾቹን ለመጥራት ሮጠ። ጋሽ ሰይድ ግን ማንንም ሳይጠብቁ መጥረጊያ አንሥተው ወደ አሮጌው ማዕዘን ሄዱ። አጎነበሱ።

"ቆይ፣ ጋሽ ሰይድ" አለች ረሆቦት።

የመለኪያውን ዘንግ ይዛ ደረሰችና መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀበለች። ጠዋት የለካችው ርቀትና ማዕዘን ብቻ ነው፤ መስመሩ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች በመሣሪያው ውስጥ አልያዘቻቸውም። ዘንጉን በእጃቸው አስያዘቻቸው። መሃሉ ላይ ያለችውን የውኃ ልክ ማየት እንዳለባቸው ልትነግራቸው ስትል፣ እሳቸው ግንበኛ ናቸውና አረፋዋን ቀድመው መሃል አስገብተዋታል።

"መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ" አለች። "ከዚያ በየአሥር ሜትሩ እስከ ላይ። ካልያዝኩት አይጠረግም።"

"ይሄ ለምን ይጠቅምሻል?"

"እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይመዘገብ አይፈርስም።"

ወደ መሣሪያዋ ሄደች። አቶ ዘርአጽዮን ወደ እሷ ቀረብ ብለው አልጨረሳችሁም እንዴ፣ የሚጠረገው መቼ ነው ብለው ጠየቁ።

"ይጠብቁን" አለች። "አሥራ አንድ ነጥብ ነው።"

ሰዓታቸውን ከእጅጌያቸው ሥር አውጥተው አሳዩአት።

"አይቼዋለሁ" አለችና ዓይኗን ወደ መነጽሩ መለሰች።