የሐሙስ ቀጠሮ

«ማነች እሷ? ከሚስቱ አብልጣ የምታለቅሰው?»

የሟች እህት ይህን የጠየቀችው በሹክሹክታ ነበር፤ የእሷ ሹክሹክታ ግን ከሳሎን እስከ ደጅ ይሰማል። ሚስትየው ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። በሩ አጠገብ ካፖርቷን ሳታወልቅ የተቀመጠችውን ሴት ገና ስትገባ አውቃታለች። ባሏን የከሰሰችው ልብስ ሰፊ ናት።

«እትዬ፣ ስሚኝ» አለች የሟች እህት ተጠግታ። «እንዲህ ያለች ሴት ለለቅሶ ብቻ አትመጣም። ነገ ልጅ አስከትላ ‹የአባቱን ድርሻ› ብትልሽስ?»

«ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል።»

ልጁን ግን ሚስትየውም በሐሳቧ ወልዳ ካሳደገችው ቆይቷል። መልኩ ቁርጥ የባሏ ነው። ክፉ ክፉው የሚታያት ሴት ናት። ባሏ ስልክ ባላነሳ ቁጥር ሞቷል ብላ ደጅ ትቆም ነበር፤ በእውነት የሞተው ግን «እየመጣሁ ነው» ብሎ ስልኩን በዘጋበት ቀን ነው።

ባሏ ጠበቃ ነበር፤ ቤት ውስጥም ጠበቃ ነበር። ስለ ሽንኩርት ውድነት እንኳ ከመቀመጫው ተነስቶ ነው የሚከራከረው። ልብስ ሰፊዋ በአባቷ ቤት ውርስ ከወንድሟ ጋር ስትካሰስ የቆመላት እሱ ነው። ተረታች። የይግባኙን ጊዜ ፍርዱ ከተነበበበት ቀን መቁጠር ሲገባው፣ ግልባጩ እጁ ከገባበት ቀን ቆጠረ። መዝገብ ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

ሴትየዋ እሱን ከሰሰች። ዳኞቹ ጥፋቱን አልሸፈኑለትም። ካሣ ለማግኘት ግን፣ ይግባኙ በጊዜው ቢቀርብ ኖሮ ታሸንፍ እንደነበር አስረጂ አሏት። ያኔ ባልየው ራሱን ለማዳን ቆሞ፣ «ይግባኝ ብንልም እንረታ ነበር» አለ። ክሱ ውድቅ ሆነ።

የዚያን ቀን ሚስቱ በደስታ ጎረቤት ስትስም፣ እሱ ጫማውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽንኩርትም አልተከራከረም። ምንም ብትለው መልሱ «እሺ» ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ጢሙን ተላጭቶ «ቀጠሮ አለኝ» ይልና ይወጣል። አንድ ሐሙስ ተከተለችው። የገባው ፍርድ ቤት ሳይሆን ልብስ ሰፊዋ ቤት ነበር። በሩን ሳታንኳኳ ተመለሰች።

አሁን ልብስ ሰፊዋ የሻይ ብርጭቆዋን ልትመልስ ወደ ማድቤት ስትገባ፣ ሚስትየው ተከትላ በሩን ዘጋችው።

«ባሌ አንቺ ቤት ምን ይሠራ ነበር?»

«ይከራከር ነበር።»

«ምኑን?»

«ያመለጠውን ይግባኝ ነዋ፣ እትዬ። እኔን የስፌት መኪናው ኋላ ዳኛ አድርጎ ያስቀምጠኛል፤ እሱ ቆሞ ይከራከርልኛል። ‹ችሎት ላይ የተናገርኩት ራሴን ለማዳን ነው፤ ታሸንፊ ነበር› ይለኛል። መጀመሪያ ያበደ መስሎኝ ጎረቤት ልጠራ ነበር።»

ሚስትየው የጠበቀችው ይህን አልነበረም። አልጋ ጠብቃ ነበር፤ ልጅ ጠብቃ ነበር። ይሄኛው ባሰባት። እሷ በ«እሺ» ስትኖር፣ ድምፁ በሙሉ ሌላ ቤት ሲፈስ ከርሟል።

«ታዲያ ፈረድሽለት?»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። «ሁሌም ለሚቀጥለው ሐሙስ እቀጥረው ነበር።»

«ለምን?»

«ከፈረድኩማ ይቀራላ።»

በሩ ከውጭ ተንኳኳ። «እትዬ! ደህና ነሽ? ልጅ አለኝ አለች እንዴ?»

«የለም! ሂጂ ከዚህ!»

ኮቴው ራቀ። ሚስትየው ሴትየዋን ለመምታት የሚያበቃ ቁጣ ነበራት፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሲከራከር… እጁ እንዴት ይሆን ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጇን ወደፊት ዘርግታ መዳፏን ከፈተች።

«አይደለም» አለች ሚስትየው። የሴትየዋን እጅ ያዘች፤ ሦስቱን ጣቶች አጠፈችና አውራ ጣቷንና ጠቋሚ ጣቷን ጨው እንደሚቆነጥር ሰው አገጣጠመቻቸው። «እንዲህ። እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን እንዳለ አቆየችው። ሚስትየውም አልለቀቀችውም።