መቶ ሃያ በሰማንያ

በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ ሲያመጧት ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ሙሉሃብት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ እየጫነ የአሸተን ማርያምን ተራራ የወጣባት በቅሎ ናት። ዛሬ ኮርቻዋ ላይ ሰው የለም፤ የእሱ አሮጌ ካፖርት ብቻ ተጋድሞበታል። ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጅራፉን አንሥተው አለቀሱ፤ ባርኔጣውን አንሥተው አለቀሱ። ከዚያ ባለቤቱ ገለቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ቀረበችና ካፖርቱን አነሣች፤ እጇን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደች፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች።

«ይኸው ጤናው» አለች ካርዱን ከፍ አድርጋ። «ይኸው፣ እኅቱ በእጇ የጻፈችለት።»

ሰርካለም ከሴቶቹ መካከል ነበረች። የሟች ታናሽ እኅት ናት፤ የቀበሌው ጤና ኬላ ነርስም እሷ ናት። ካርዱን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሴቶቹ ሐዘን የጣላት መስሏቸው በሁለት ክንዷ ደገፏት። አልቃሿ ደግሞ ካርዱን አይታ ጊዜ አላጠፋችም፤

«ወረቀቱ ጤና፣ ሰውነቱ ጤና፤
ምን አገኘው ሙሉን፣ እንዲህ ሳለ ደህና።»

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተቀበላት። ሰርካለምም አብራ ደረቷን ደቃች፤ ምን ታድርግ። ካርዱ ላይ መቶ ሃያ በሰማንያ ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማ አለ። ያንን ቁጥር ግን ያነበበ መሣሪያ የለም። ከሰርካለም ብዕር ነው የወጣው።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይላል ያገሬ ሰው። የሰርካለም ሐሰት ግን እያደር የከበደ ነው፤ አሥር ወር ተሸክማዋለች።

ነገሩ የሆነው አምና መጋቢት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ሁሉ የደም ግፊቱን ይለካ የሚል ዘመቻ ወጣ። ሰርካለም ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። በሰንበቴው መካከል ቆማ፣ «ግፊት የሽማግሌ በሽታ እንዳይመስላችሁ። በሠላሳውም በአርባውም ይገባል። ሳያምም ነው ሥራውን የሚጨርሰው። ጨው ቀንሱ፤ ተለኩ» ብላ አስተማረች። ሰውም ሰማት። በጨው ቡና ያደገ አገር ለሰርካለም ሲል ጨዉን ከስኒው አወጣ። አንዳንዱ ሽማግሌ እያማረረም ቢሆን አወጣ።

አራት ቀን በደንብ ለካች። በአምስተኛው ቀን ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ውስጥ ያለው ላስቲክ ተተረተረና አየር መያዝ እንቢ አለ። ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስትደውል፣ «ሌላ በሁለት ሳምንት ይላክልሻል፤ ሪፖርቱ ግን ዓርብ ይግባ» ተባለች። ደጅ ላይ አርባ ስድስት ሰው ተሰልፏል። ሥራ ፈትቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ነው። ዛሬ ተመለሱ ብትላቸው ሁለተኛ እንደማይመጡ ታውቃለች። እና የመጀመሪያውን ሰው አስቀመጠች፤ ጨርቁን አሰረችለት፤ ጎማውን ጨመቅ ጨመቅ አደረገች፤ ዜሮ ላይ የተኛውን ቀስት አየችና የደህና ሰው ልክ የሆነውን መቶ ሃያ በሰማንያ ካርዱ ላይ ጽፋ «ደህና ነህ» አለችው። መሣሪያው ሲመጣ መልሼ እጠራቸዋለሁ ብላ በልቧ ማለች። ሁለተኛው ሰው ላይ ቀለላት። አሥረኛው ላይ ስትደርስ እጇ ለምዶት ነበር።

ሙሉሃብት የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ በቅሎዋን ወይራው ሥር አስሮ። እጅጌውን ቀድሞ ጠቅልሎ ነበር የገባው።

«በይ እሰሪኝ» አለ እየሳቀ።

«አንተን ምን ብዬ ልለካ አያ ሙሉ? በቀን ሁለቴ አሸተንን የሚወጣ ሰው ይታመማል?»

«እንዲያው ጠዋት ጠዋት አናቴን ይዞ ይነዘንዘኛል እንጂ እኔስ ደህና ነኝ።»

«ፀሐዩ ነው። ውሃ ጠጣ።»

የራስ ምታት ክኒን ሰጠችው፤ ካርዱን ጻፈችለት። ለሌሎቹ ለይምሰልም ቢሆን ጨርቁን አስራላቸዋለች፤ ለእሱ ይህንንም አላደረገችም። ደክሟት ነበር፤ ወንድሟ ነው፤ ወንድም ደግሞ ነገም አለ። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ማለት ይኸው ነው። አባታቸው ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ክረምት ሲሆን ወንዙ እንዳይወስዳት በጀርባው እያሻገረ ያስተማራትም እሱ ነው። እሱም ካርዱን ተቀበለና እንደ ማርያም ሥዕል በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ለበቅሎ ነጂው፣ ለአስጎብኚው፣ ለአገኘው ሁሉ እያወጣ «እኅቴ ናት የጻፈችልኝ፤ ንጹሕ ነኝ» ሲል ከረመ።

አዲሱ መሣሪያ እንደተባለው በሁለት ሳምንቱ መጣ። ሰዎቹን ልትጠራ አሰበች፤ ግን ምን ብላ? ፋሲካ ይለፍ አለች። ከዚያ እርሻው ይለፍ። ከዚያ መኸሩ ይግባ። በመጨረሻ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

እንግዲህ በዚያው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰርካለም ንፍሮ ይዛ ወደ ወንዶቹ በኩል ገባች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አረጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

«ካርዱን አይታችሁ የለ? እንደ ወተት የነጣ። ይህ የሰው ዓይን ነው።»

«ምን ጥርጥር አለው» አለ ከጎናቸው ያለው።

«የእኔም እኮ ያው ነው» አሉና ደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «መቶ ሃያ በሰማንያ። ግን ሰው በዓይን ከተበላ ካርድ ምን ያደርግለታል?»

ሰርካለም ንፍሮውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ዓይኗ ከድንኳኑ ጥግ እስከ ጥግ ሄደ። ጋሽ አረጋ አንዱ ናቸው። ከአጠገባቸው ያለው አንዱ ነው። ያ በግንቦት ያገባው፣ ያ ጠላ ሲጠጣ ፊቱ የሚቀላው፣ ያች በር ላይ የተቀመጠችው። ሁሉም የእሷን ቁጥር በኪሳቸው ይዘው፣ ደህና ነን ብለው፣ ወንድሟን ያለቅሱላታል። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ንፍሮውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ገለቴ በሻሽ ግንባሯን ጠፍራ ጋደም ብላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሃምሳ የሞላት ትመስላለች።

«አናቴ ሊፈነዳ ነው ሰርኬ። ዓይኔም ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ይዞርብኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?»

«ከክረምት ጀምሮ። ለቅሶው አባሰው እንጂ የቆየ ነው። ግን አትስጊ፤ የእኔም ንጹሕ ነው። አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

ሰርካለም መለኪያውን ላምጣና ልይሽ ልትል አፏን ከፈተች። ለክተሽኝ የለ እንዴ ብትላትስ? ለምን እንደገና ብትላትስ? አፏን ዘጋችና፣ «ውሃ ጠጪ» አለቻት።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ለሙሉሃብት ያለችውን ነው፣ ቃል በቃል። ሰው በራሱ ሲያፍር እንዴት እንደሆነ ሰርካለም እስካሁን የምታውቅ ይመስላት ነበር፤ አታውቅም ኖሯል።

ሐኪሙም ትዝ አላት። የገና እንግዳ ገና ሄዶ ሳያልቅ ነው ሙሉሃብት አቀበቱ መካከል የወደቀው። ፊቱ በአንድ ወገን ተንሸዋርሮ፣ ቀኝ እጁ ሰንፎ በቃሬዛ አወረዱት፤ ሆስፒታል አደረሱት። ወጣቱ ሐኪም ክንዱን አስሮ ለካና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ በመቶ አርባ።

«ከዚህ በፊት ተለክቶ አያውቅም?» ሲል ጠየቀ።

ገለቴ ፈጠን ብላ ካርዱን ሰጠችው። ሐኪሙ ቁጥሩን አየ። ፊርማውን አየ። ከዚያ የሰርካለምን ፊት አየና ምንም ሳይል ካርዱን ለገለቴ መለሰላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ሙሉሃብት በሦስተኛው ቀን እስኪያርፍ ድረስ በደህናው እጁ እጇን ይዞ ነበር፤ ሊናገር ይሞክራል፣ ቃሉ አይወጣለትም። እሷም የሚለው እንዳይገባት ትፈራ ነበር።

ከጓዳው ወጥታ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ ሀብተ ሥላሴ ሄደች። ከድንኳኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል።

«ንስሐ ይስጡኝ አባ» አለች፣ ተንበርክካ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተተረተረውን ላስቲክ፣ አርባ ስድስቱን ሰው፣ ወንድሟን።

አባ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን ድንጋዩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ካርድ አወጡና ዘረጉላት።

«ይህም ከዚያ ነው?»

«አዎ አባ።»

«እኔስ በእሱ ተማምኜ ነበር» አሉ፤ ቁጣ የለበትም፣ ያዘኑ ይመስላሉ። «ለነፍስሽ እኔ አለሁልሽ ልጄ። ቀኖናሽን ከሰልስት በኋላ እንነጋገርበታለን። ይህን ግን እኔ ልፈታልሽ አልችልም። በየሰዉ ኪስ ነው ያለው።»

በሰልስቱ ዕለት ፍትሐቱ አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ሰርካለም የመለኪያውን ቦርሳ ከጤና ኬላው ይዛ መጣች። መካከል ላይ ቆመች። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰው ፊት ቆማ ተናግራለች፤ ዛሬ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ጀመረች።

«የአያ ሙሉን ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሳልለካው ነው የጻፍኩት። መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር። የአርባ ስድስት ሰው ካርድ በዚያን ቀን በሐሰት ጻፍኩ። ከእነዚያ ብዙዎቹ እናንተ ናችሁ። የሰው ዓይን አይደለም፤ ግፊት ነው የገደለው። እናንተም ደህና ሁኑ አትሁኑ አላውቅም።»

ጋሽ አረጋ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ካርዱን ነክተው እዚያው ተዉት።

«እና ብትለኪው ኖሮ ይድን ነበር?» አሉ።

«አላውቅም ጋሼ። መድኃኒት ይጀምር ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር ባይሰበር ነው።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ማንም አልገሠጸውም። በግንቦት ያገባው ወጣት ተነሣ፤ ካርዱን አወጣና እግሯ ሥር ጥሎት ወጣ። ሰርካለም አላነሣችውም፤ ዓይኗንም ከመሬት አላነሣችም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

ሴቶቹ መንገድ ሲለቁ ታወቃት። ገለቴ ካፖርቱን በክንዷ ይዛ እየመጣች ነው። ግንባሯ አሁንም በሻሹ እንደተጠፈረ ነው። መጥታ ፊት ለፊቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ለሁላችንም እኮ ጨርቁን አስረሽልን ነበር» አለች።

«አስሬላችኋለሁ። ውስጡ ባዶ ነበር።»

«ለእሱስ?»

«ለእሱ አላሰርኩለትም።»

«ለይምሰል እንኳ?»

«ለይምሰል እንኳ፣ እትዬ።»

ገለቴ ከንፈሯን ነከሰች። አለቀሰች ማለት አይቻልም፤ እንባው ከትናንት አልቋል። ከካፖርቱ ኪስ ካርዱን አወጣች፤ ላስቲኩን ቀስ ብላ ፈታችና ሰርካለም ጉልበት ላይ አኖረችው።

«አስተካክዪው» አለች።

«ምን ብዬ? እሱ እኮ አሁን...»

«ምን ብለሽ እንደምትጽፊ አንቺ ታውቂያለሽ። ውሸት ይዞ አይቀመጥም።»

ሰርካለም ብዕር አወጣች። መቶ ሃያ በሰማንያ የሚለውን በአንድ መሥመር ሰረዘችው፤ ከአጠገቡ «አልተለካም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችበት። ገለቴ ካርዱን ተቀብላ፣ ፊደል የቆጠረችው ትንሽ ስለሆነ፣ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ በላስቲኩ መልሳ ጠቀለለችውና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው።

ከዚያ ፊቷን ከሰርካለም አዞረች፤ የግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለችና ክንዷን ዘረጋችላት።