ሰው የማይጠላው ሸጋው

ኑ ልጆቼ፣ እዚህ ቁርበቱ ላይ ተቀመጡና ስሙኝ። ደብረ ማርቆስ በጣሊያን እጅ ሳለች ነው፤ የአስማማው ለቅሶ ከተያዘ ሦስተኛው ቀን። ለቅሶ ደራሹ ዋይ እያለ ሲገባ፣ ሸጋው የተባለው የሟች ውሻ ጭራውን እየቆላ ይቀበላል። አንገቱን ቀና አድርጎ አብሮ ያላዝናል፤ ከዚያ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ጭን ላይ ይወጣል። አልቃሿ ግጥሟ መሐል ሣቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ሸጋው እናቱ የመንደር ውሻ፣ አባቱ አንድ የጣሊያን ሹም ታቅፎት የሚዞር ጠጉራም ነበር። ከእናቱ ጆሮ፣ ከአባቱ አጭር እግር ወስዷል። ጠባዩን ከማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ሌባ ቢመጣ እጁን ይልሳል። ድመቷ ምግቡን ቀምታው ስትተኛ ሄዶ አጠገቧ ይጋደማል። አስማማው፣ ቤቴን የምትጠብቀው ድመቷ ናት እያለ ይስቅበት ነበር።

የሟች ወንድም ደምለው ግን አይስቅም። ሸጋው ለጣሊያን ባደረው የመንደሩ ጭቃ ሹም ጭን ላይ ተጠቅልሎ ሲያንቀላፋ አየና ወደ ሟች ሚስት ወደ ማንጠግቦሽ ጎንበስ አለ።

«እቴ፣ ይኼ ውሻ ባንዳ ነው። ኬላ ላይ ለጣሊያን ዘበኞች ሆዱን ሰጥቶ ሲንከባለል አገር አይቶታል። ዛሬ ወስጄ ገደል እጥለዋለሁ» አላት በሹክሹክታ።

ማንጠግቦሽ ምን ትበል? አስማማው ከገበያ በተመለሰ ቁጥር አህያው ከጫነው ጨው ሥር ለአርበኞች የሚሄድ ጥይት ነበረ። ኬላው ሲደርሱ ሸጋው ቀድሞ ሮጦ በጀርባው ይዘረጋል። ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን አስደግፈው ሆዱን ሲያኩለት አህያው ያልፋል። ማንም አላስተማረውም፤ ሰው መውደዱ ነው። ይህን ተናግራ እንዳታድነው ጭቃ ሹሙ ከፊቷ ተቀምጧል።

ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሴቶቹ ለመኗት፣ የነፍስ አባቷም ገዘቷት፤ እምቢ አለች። አሁን ተራው የደምለው ነው። የሟች ወንድም ለምኖ ካልበላች ነውሩ የእሱ ነውና ንፍሮውን ይዞ ተንበረከከ።

«እቴ፣ በሞቴ ቅመሺ።»

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። «መጀመሪያ ሸጋው ይቅመስ። በእጅህ አጉርሰው። ያጎረስኸውን ደግሞ ገደል አትጥልም።»

ደምለው ውሻውን አየ፣ እሷን አየ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ አጉተመተመ። እሷ አፏን ገጥማ ጠበቀች።

ጎረቤቷ አሮጊቷ ወለተ ሰንበት ከጥግ ሆነው፣ «ሴትዮዋ በረሃብ ሳታልቅብህ አጉርሰው እንጂ ደምለው። እሱ እንደሆነ አይነክስህ» አሉ።

ቆንጥሮ ዘረጋለት። ሸጋው ንፍሮውን ትቶ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ክንዱን፣ ዘሎ ደግሞ ጢሙን ላሰው። ቤቱ በሣቅ ፈነዳ፤ ጭቃ ሹሙ እንኳ ሆዱን ያዘ። ደምለውም ሳይወድ ሳቀ። ሲስቅ ቁርጥ ወንድሙን መሰለ። ማንጠግቦሽ ያን ፊት አይታ፣ እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

ደምለው እጁን በጋቢው ጠረገና ሌላ ንፍሮ ቆነጠረ። አፏን ከፈተችለት።

ደምለው የጥይቱን ነገር የሰማው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። እናንተም ልጆቼ፣ አስማማውን ስታነሡ ሸጋውንም አብራችሁ አንሡልኝ።