በአንድ ሰው ልክ የታሰረ ወንበር

«ኧረ ይሄ ነገር ሰው ይውጣል!» አሉ ጎረቤቷ አሮጊት። ለማስተዛዘን መጥተው ጥግ ያለው መቀመጫ ላይ ዐረፍ እንዳሉ ወደ ታች ሰምጠው፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«የመኪና የኋላ ወንበር ነው» አለች የሟቹ ሚስት እጃቸውን ይዛ ቀና እያደረገቻቸው። «ከስፖርት መኪናው ውስጥ ነቅሎት ነው።»

«ምን ሆኖ? ተበላሽቶ?»

«ይከብዳል ብሎ።»

አሮጊቷ «ነፍሱን ይማረው» አሉ። በሩ አጠገብ ቆመው ሻይ የሚጠጡት የጋራዥ ባልደረቦቹ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ብርጭቋቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሰው በዝቶ መቀመጫ ስላነሰ ነበር ልጇ የመኪናውን ወንበሮች ከዕቃ ቤት አውጥታ ግድግዳ ሥር የደረደረቻቸው። እናቲቱ አልከለከለቻትም። ግን ከነጂው ጎን የነበረውን ወንበር ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ነገሩ የጀመረው በምንጣፉ ነበር። አንድ እሑድ ባሏ የመኪናውን ምንጣፍ ጠቅልሎ፣ አቅፎ መታጠቢያ ቤት ገባና የሰው መመዘኛው ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ቁጥሩን ሲያይ አራስ ልጁን ያስመዘነ አባት መሰለ። ከዚያ የበሮቹ ልባስ ወጣ። ድምፅ ያፍናል ተብሎ ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ሬንጅ በመሮ እየፈቀፈቀ ሰነበተ። ሬዲዮኑ ሲነቀል ጊዜ፣

«ታዲያ ምን ልትሰማ ነው?» አለችው።

«ሞተሩን።»

መካኒክ ነበር። የሰው መኪና ጉልበት ሲጨምር ይውላል፤ ለራሱ ግን ትልቅ ሞተር የሚገዛበት ዐቅም አልነበረውም። «ጉልበት መጨመር ያቃተው ሸክሙን ይቀንስ» ይል ነበር። «እንግዲያማ ከቦርጭህ ጀምር» ብላ ብትቀልድበት፣ የምሩን ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ። ባልደረቦቹ «ላባው» የሚል ስም አወጡለት። ላባው ያልገባበት ውድድር የለም፤ ከኋላ ሲቆጠር አንደኛ የሚወጣበት ጊዜ ግን ይበዛል። ቢሆንም ካለፈው ትንሽ ፈጠን ካለ ይበቃዋል፤ እያፏጨ ነው ቤት የሚገባው። በመጨረሻ የከዳውም መኪናው አልነበረም፤ ልቡ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል፣ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ አጠገቧ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ግን ለመኪናው ገዢ ተገኝቷል። ወንበሩም ምንጣፉም፣ የወጣው ሁሉ ተመልሶ ይገጠምልኝ ነው የሚለው።»

ልጅቷ የሻይ ትሪ እንደ ያዘች ቆመች። «አጎቴ፣ መኪናው ለሚቀጥለው ውድድር ተመዝግቧል እኮ! እኔ እነዳዋለሁ።»

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ! አባዬ ማንን ሲያስተምር የከረመ መሰለህ? ያ ሁሉ ዕቃ ከተመለሰማ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«እንግዲህ እናትሽ ትወስን» አለ አጎትየው ተረጋግቶ። እናትየው መኪናውን እንደማትወደው ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል።

«ልየውና እነግራችኋለሁ» አለች።

ድሮ ትወደው ነበር። ባሏ መኪናውን ሊሞክር ሲወጣ ከጎኑ የምትቀመጠው እሷ ነበረች፤ ኩርባው ላይ እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል። አንድ ቀን ያንኑ የጎን ወንበር አናቱ ላይ ተሸክሞ በበሩ ገባ።

«እኔም ከበድኩህ?» አለችው።

«አንቺ ምን ትከብጃለሽ፣ ወንበሩ ነው እንጂ!»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ «ነይ እይው እንጂ» ባላት ቁጥር «የምቀመጥበት የለኝ» እያለች፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጋራዥ ደጃፉን ሳትረግጥ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ከልጇ ጋር ሄደች። የባሏ የልብ ጓደኛ የነበረው በያጅ ጋራዡን ከፍቶ ጠበቃቸው። መኪናው በድጋፍ ብረት ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። እናትየው በሩን ከፍታ በጣቷ ብታንኳኳው ውስጡ እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ። የቀረው የነጂው ወንበር ብቻ ነው፤ እሱም ስፖንጁ ወጥቶ ስስ ጨርቅ የለበሰ ቆርቆሮ ሆኗል።

«እዚህ ላይ ነበር የሚቀመጠው?»

«ተው ብንለው መች ይሰማል!» አለ በያጁ።

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ የሥራ ድካም መስሎኝ በየምሽቱ ወገቡን በቅባት ሳሸው ነበር!»

ብላ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሳቁ ወደ ዕንባ አዘነበለ፤ ዕንባውም ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ለካስ መቀመጫዋን ያጣችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች። መሪውን ያዘች፤ እግሯን ዘረጋች። ፍሪሲዮኑ ጋ አልደረሰም። ወንበሩን ወደ ፊት ልትስብ ከሥር ብትዳብስ የሚያዝ ነገር የለም።

«እኔ ስነዳው እኮ ይንሸራተት ነበር!»

«መንሸራተቻውን በመጨረሻው ሰሞን አወጣው» አለ በያጁ አንገቱን እያከከ። «ከብዷላ! "እኔ ከእንግዲህ አልረዝም፣ አላጥርም" ብሎ በራሱ እግር ልክ ወለሉ ላይ አሰረው። "የልጄ ተራ ሲደርስ በእሷ ልክ አስረዋለሁ" አለ። ምኑ ይከብዳል፤ ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ ጠጋ አድርጎ፣ ሌላ ቀዳዳ መብሳት ነው።»

ልጅቷ ወርዳ መፍቻ ቁልፍ አንሥታ ቡሎኑ ላይ አገባች። እጇ ግን እዚያው ቀረ።

«አልችልም፣ እማ። እግሩ እስከየት እንደሚደርስ የሚያውቀው ይሄ ወንበር ብቻ ነው። ካነሣነው የት እናገኘዋለን? ይቅር፣ አጎቴ ይሽጠው።»

እናቷ ወንበሩን ትንሽ አየችው። «በልጄ ልክ አስረዋለሁ ብሎ የለ?» አለች። «እሱ አልደረሰበትም፤ እኛ እንሠራዋለን። ፍቺው።»

ልጅቷ ቁልፉን ገፋች። ቡሎኑ ዝም ብሎ በቦታው ዞረ።

«ቡሎኑን ከሥር የያዘው ዳዶ አብሮ እየዞረ ነው» አለ በያጁ ጎንበስ እያለ። «ከሥር የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ልግባ።»

«አንተ መብሻውን አዘጋጅ።» በያጁ ያነሣውን ሁለተኛ ቁልፍ እናትየው ከእጁ ወሰደች።

ያን ጊዜ ዋርሳዋ በሩ ላይ ደረሰ። «እትዬ! በሐዘን ልብስሽ? ኧረ ገዢውን ምን ልበለው?»

«ውድድሩን መጥቶ ይይ በለው።»

ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ በጀርባዋ ተንሸራታ መኪናው ሥር ገባች። ከላይ የልጇ ድምፅ መጣ።

«ያዝሽው?»

«ይዣለሁ።»

ብረቱ ሲጢጥ አለ፤ ትንሽ እንቢ ብሎ ለቀቀ። ዳዶው መዳፏ ላይ ዱብ አለ፤ ከመፋተጉ ብዛት ሞቋል። እስኪበርድ ድረስ ጨበጠችው።

«ቀጣዩን» አለች።