በጠብታ ውሃ ውስጥ

ልጅቷን የክፍል ጓደኞቿ «ጠርሙስ» ይሏታል፤ መነፅሯ የጠርሙስ ቂጥ ያክላልና። ስሙን ከመልመዷ የተነሳ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስላታል። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። ቤተ ሙከራ ገብታ ማይክሮስኮፑ ላይ ስታጎነብስ የሚታያት ጉም ብቻ ነበር። ጓደኞቿ ያዩትን ይነግሯታል፤ እሷም የነገሯትን ትጽፋለች። ፈተናውን ታልፋለች፤ ግን ሁልጊዜ ቅር ይላታል።

ይህን ያስተዋለችው የባዮሎጂ መምህርቷ ናት። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስልክ ክልክል ስለነበር፣ ርእሰ መምህሩን ደጅ ጠንታ ለአንድ ክፍለ ጊዜ አስፈቀደች። ከዚያም የራሷን ስልክ ካሜራ ማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ገጥማ በፕላስተር አሰረችው።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፤ ዛሬ ማንም አይነግርሽም» አለቻት።

ጠርሙስ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። ምስሉን በሁለት ጣቷ ለጠጥ አደረገችው። ከኩሬ በተቀዳው ጠብታ ውስጥ አረንጓዴ ክሮች ተጋድመዋል።

«ቲቸር! እዚህ ጥግ የሚሽከረከር ነገር አለ!»

«ቆሻሻ ይሆናላ» አለ ከኋላዋ የቆመው የክፍሉ ቀልደኛ።

«ቆሻሻ ይበላል እንዴ? ይኸው፣ እየዋጠ ነው!»

ክፍሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። መምህርቷም አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቀች። «ሮቲፈር ይባላል፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር ደቂቅ እንስሳ ነው። እኔ ራሴ ሳላየው አልፌው ነበር» አለች።

ማታ ልብስ ሰፊዋ እናቷ መምህርቷ ቀርፃ የላከችላትን ቪዲዮ በስልኳ ስታይ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ይህ ሁሉ ጉድ በጠብታ ውሃ ውስጥ?»

«አዎ እማዬ። በራሴ ዓይን አየሁት።»

እናት በእጇ ባለው ጨርቅ ዓይኗን ጠረገችና ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችው።

በማግስቱ እናት ሥራዋን ዘግታ ከልጇ ጋር ትምህርት ቤት ሄደች። «እድሜ ይስጥልኝ፣ መምህርት» አለች እጅ ነስታ። «ልጄ ከትናንት ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ትል ሆኗል።»

«ትል አይደለም፣ እማዬ!»

«ኧረ እኔም ላመስግናት» አለች መምህርቷ። «ከኋላ የሚቀመጡት ሁሉ ትናንት ነው ትምህርቱ የገባን አሉ። ርእሰ መምህሩም መጥተው አይተው፣ ከእንግዲህ ለቤተ ሙከራ ስልክ ፈቅደዋል።»

ጠርሙስ መምህርቷ አንገት ላይ ጥምጥም አለች።